የቫኬሽን ብር ለምን ሐምሌ ላይ አይገኝም? ከጅማ ሆኖ ሲታይ

ሰኔ ገባ ማለት ጅማ ውስጥ ወሬው ይታወቃል። ዝናቡ ጠንከር ይላል፣ ልጆች ፈተና ይጨርሳሉ፣ ከዛ "ክረምቱን ወዴት ነው?" የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ አንዱ ሀዋሳ ይላል፣ አንዱ አዲስ አበባ ዘመድ ጋ፣ ሌላው ደሞ ስልኩን አውጥቶ የወንጪን ሀይቅ ወይ የሀላላ ኬላን ሪዞርት ፎቶ ያሳያል። ከጥያቄው ጋር ክርክሩም አብሮ ይመጣል። "በዚህ ኑሮ ቫኬሽን ቅንጦት ነው" የሚል አለ፣ "አመቱን ሙሉ ሰርቶ አንድ ሳምንት ማረፍ ምኑ ነው ቅንጦት" የሚልም አለ። የሚገርመው ሁለቱም የሚያወሩት ስለ ዋጋ ነው፣ አልጋ ስንት ገባ፣ ትራንስፖርት ስንት ሆነ። ዋጋው እውነትም ጨምሯል፣ እሱን ከታች እናየዋለን። ግን ብዙ ቤት ውስጥ እቅዱ የሚፈርሰው ገና ዋጋው ጋ ሳይደረስ ወሩ ላይ ነው፤ ብር የሚገባበት ወር፣ እረፍት የሚገኝበት ወርና ትልልቅ ወጪ የሚመጣበት ወር እዚህ አካባቢ አይገጥሙም።

አመት ፈቃድና ቫኬሽን አንድ አይደሉም

መጀመሪያ ቃላቱን እንለይ። አመት ፈቃድ የህግ መብት ነው። በአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሰረት የግል ድርጅት ሰራተኛ ለመጀመሪያው የአንድ አመት አገልግሎት 16 የስራ ቀን ያገኛል፣ ከዛ በየሁለት አመቱ አንድ ቀን ይጨመርለታል። የመንግስት ሰራተኛ የራሱ ህግ አለው። ፈቃዱን እንዳለ በብር ቀይሮ መሸጥ በመርህ ደረጃ ክልክል ነው፣ ግን ሰራተኛው ጠይቆ አሰሪው ከተስማማ ለሁለት ተከፍሎ ሊወጣ ይችላል፣ ሲራዘምም ከሁለት አመት በላይ መራዘም የለበትም። ይቺ "ለሁለት ይከፈላል" የምትለዋ ነገር ብዙ ሰው አያስታውሳትም፣ በኋላ ስለምንመለስባት ያዟት።

ቫኬሽን ግን ፈቃዱን ምን ላይ እንዳዋልነው ነው። ብዙ ሰው አመት ፈቃዱን የሚጨርሰው ለቅሶ ላይ፣ ሰርግ ላይ፣ ቤት ቀለም ሲያስቀባ ወይ የታመመ ሰው ሲያስታምም ነው። ዘመድ ጥየቃም አለ። አንዳንዱ እሱን ቫኬሽን ነው ብሎ አይቆጥረውም፣ ሌላው ደሞ "ከዘመድ በላይ ምን እረፍት አለ" ይላል፤ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፣ በጀት ላይ ግን በጣም ይለያያሉ። ዘመድ ጋ የሄደ የአልጋ ብር አይከፍልም፣ ነገር ግን ባዶ እጅ አይገባም። ከጅማ ሲኬድማ ቡናና ማር የግድ ነው፣ ያውም ለአንድ ቤት ብቻ አይበቃም፣ አክስት ጋ ተሰጥቶ አጎት ጋ ሳይሰጥ ቢቀር ወሬው ከናንተ በፊት ጅማ ይገባል። አንዳንዴ ስጦታውና መሸኛው ተደምሮ መካከለኛ ፔንሲዮን ውስጥ ሁለት ሶስት ቀን የሚያሳድር ብር ይሆናል።

ጅማ ላይ ብር መቼ ይገባል፣ መቼ ይወጣል

የጅማ ዞን ኑሮ ባይታወቅም ቡና ላይ ተደግፏል፣ ቡና የሌለውም ሰው ጭምር። ለቀማው በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ታህሳስ ነው። የዚህ አካባቢ ቡና ብዙው በጀንፈል መልክ፣ ማለትም ከነገለባው በፀሀይ የሚደርቅ ስለሆነ ማድረቂያ አልጋ ላይ ሳምንታት ይቆያል፣ ስለዚህ ብሩ ወደ ገበያ የሚፈሰው ከህዳር ጀምሮ እስከ ጥርና የካቲት ነው። ገበሬው ሲሸጥ አጋሮ ያለው ነጋዴ ይንቀሳቀሳል፣ ሂርማታ ገበያ ይሞቃል፣ ልብስ ሰፊው ስራ ይበዛበታል፣ ባጃጁም ሰው ያገኛል። ግንቦት ሰኔ ላይ ያው ብር አልቆ ሁሉም እጁን ሰብሰብ ያደርጋል። የደሞዝ ሰው በየወሩ ስለሚያገኝ ይሄ አይነካውም ይባላል፣ ግን የጎን ስራ ያለው፣ ቤት የሚያከራይ ወይ ከገጠር ከቤተሰብ ድርሻ የሚመጣለት ሰው ይነካዋል።

ትምህርት ቤት የሚዘጋው ደሞ ሐምሌና ነሐሴ ነው። ማለትም እረፍቱ የሚገኘው ብሩ ካለቀ ከወራት በኋላ፣ ያውም ዝናቡ በጠነከረበት ጊዜ ነው። ጅማ አካባቢ ዝናቡ ከመጋቢት ሚያዝያ ጀምሮ ያለ ቢሆንም የክረምቱ ልክ ሌላ ነው።

ከዛ በኋላ ያለውን ነገር ማንም አይረሳውም፣ ግን ሐምሌ ላይ ሲያቅድ ይረሳዋል። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ጅማ መርካቶ ውስጥ አንድ የጽህፈት መሳሪያ ሱቅ በር ላይ ቆሞ ማየት በቂ ነው፦ እናት የደብተር ዝርዝር ይዛ ትደምራለች፣ ልጅ ስዕል ያለበትን ቦርሳ ይጎትታል፣ ባለሱቁ "ይሄ አምና ዋጋው እንዲህ አልነበረም" እያለ እሱም ያማርራል። ምዝገባ፣ ዩኒፎርም፣ ደብተር፣ ጫማ። ከዛ ጳጉሜ ትመጣለች፣ ለብቻዋ ደሞዝ የሌላት 5 ቀን፣ አንዳንዴ 6፣ ምግብ ግን ትፈልጋለች። ከዛ እንቁጣጣሽ፣ ከዛ መስቀል። ሙስሊም ቤተሰብ ዘንድ ደሞ ሌላ ነገር አለ፣ ኢድ አልፈጥርና አረፋ በየአመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ ስለሚቀድሙ የበአል ወጪው ቋሚ ወር የለውም፣ አንዳንድ አመት ከቡናው ብር ጋር ይገጥማል፣ አንዳንድ አመት ደሞ ልክ እጅ ባጠረ ሰአት ይመጣል። ጅማ ብዙ ሙስሊም ያለበት ከተማ ስለሆነ ይሄ የጥቂት ሰው ጉዳይ አይደለም።

ስለዚህ ሐምሌ ላይ ኪስ ውስጥ ያለ 30,000 ብር የቫኬሽን ብር ይመስላል እንጂ ግማሹ የመስከረም ብር ነው። ከሀዋሳ ተመልሶ ለትምህርት ቤት ብድር የሚጠይቅ ሰው የሚበዛው ለዚህ ነው።

ዋጋው ራሱ ከየት መጣ

ወደ ዋጋው እንምጣ። ሐምሌ 22፣ 2016 ላይ ብሄራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፣ ከአንድ አመት በኋላ ከ130 ብር በላይ ሆነ። ዱባይ ልሂድ ለሚል ሰው ሂሳቡ ግልፅ ነው፦ 1,000 ዶላር የምትፈጅ ጉዞ ከ57,000 ወደ 130,000 ብር ሄደች ማለት ነው፣ እዛ ያለው ዋጋ ሳይነቃነቅ። ሀገር ውስጥ የሚሄደው "እኔን ምን አገባኝ" ሊል ይችላል፣ ግን የሆቴሉ የሻወር ቧንቧ፣ አምፖሉ፣ የአውቶቡሱ ጎማና መለዋወጫ አብዛኛው ከውጭ ነው የሚገባው። ነዳጁም እንደዛው ነው፤ ከሐምሌ 2014 ጀምሮ ድጎማው ደረጃ በደረጃ እየተነሳ መጥቶ በ2017 አጋማሽ ቤንዚን በሊትር 100 ብር አለፈ፣ ከዛም በኋላ ጨምሯል።

አጠቃላይ የዋጋ ንረቱ፣ ማለትም ኢንፍሌሽን የሚባለው፣ ካለፉት አመታት ጋር ሲወዳደር ቀንሷል፣ በ2017 መጨረሻ ላይ በይፋዊው መረጃ 13 ከመቶ አካባቢ ነበር። እዚህ ጋ ግራ መጋባት አለ። ንረቱ ቀነሰ ማለት ዋጋ ወረደ ማለት አይደለም፣ የሚጨምርበት ፍጥነት ነው የቀነሰው። ከመስከረም 2018 ጀምሮ የመንግስት ሰራተኛ ደሞዝ መሻሻሉን የሚጠቅሱ ሰዎች አሉ፣ ዝቅተኛው 4,760 የነበረው 6,000 ብር ሆኗል፣ ልክ ናቸው። ሆኖም ጭማሪው መጀመሪያ የሚሞላው ከዛ በፊት የጎደለውን ነው፣ የቤት ኪራይ፣ ዘይት፣ ጤፍ፤ ቫኬሽን ወረፋው ላይ ከኋላ ነው።

በስልክ የተነገረው ዋጋና ቢሉ ላይ ያለው ዋጋ

እቅድ ከሚያበላሹ ነገሮች በጣም ቀላሉና በጣም የሚደጋገመው ይሄ ነው። ሆቴል ደውለው "አልጋ ስንት ነው?" ይላሉ፣ "2,000" ይባላሉ። ብዙ ደረጃ ያላቸው ሆቴሎች ዋጋ ሲናገሩ ፕላስ ፕላስ ይላሉ፣ ወይ ጭራሽ ሳይሉት ሜኑው ግርጌ ላይ በደቃቅ ፊደል ይፅፉታል፤ አንደኛው ፕላስ 10 ከመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ነው፣ ሁለተኛው 15 ከመቶ ቫት፣ የተጨማሪ እሴት ታክስ። ሰው 25 ከመቶ ብሎ ይደምረዋል፣ ግን ብዙ ጊዜ ቫቱ የሚታሰበው ሰርቪስ ቻርጁ ከተጨመረ በኋላ ነው። 2,000 ላይ 10 ከመቶ ሲጨመር 2,200፣ በዛ ላይ 15 ከመቶ ሲጨመር 2,530 ይሆናል፣ ማለትም 26.5 ከመቶ። አራት ሌሊት ቢያድሩ 8,000 ያሉት 10,120 ሆነ። ምግቡም እንደዛው ነው፣ ሜኑ ላይ 400 ያለው ምግብ ቢሉ ላይ 506 ነው፣ አራት ሰው ሆናችሁ ቀን ሁለቴ ስትበሉበት ልዩነቱ በአራት ቀን 3,000 ብር ያልፋል። ማታለል አይደለም፣ ህጋዊ ነው፣ ግን ስልኩ ላይ "ሁሉንም ጨምሮ ነው ወይስ ፕላስ አለው?" ብሎ መጠየቅና መልሱን በቴክስት ማስላክ ነፃ ነው። ቁርስ አለው ወይ፣ ለስንት ሰው፣ ልጅ ሲጨመር ፍራሽ ያስከፍላል ወይ የሚሉትም አብረው ይጠየቃሉ።

ከዛ ማንም በጀቱ ላይ የማይፅፋቸው አሉ። ውሀ፣ ቡና፣ ፓርኪንግ፣ ጀልባ፣ የመግቢያ ቲኬት፣ አስጎብኚ፣ ለልጅ አይስክሬም፣ "እዚህ ድረስ መጥተንማ" ተብሎ የሚገዛ ነገር። የበርጫ፣ ማለትም የጫት ወጪም አለ፣ የጅማ ሰው ከከተማው ሲወጣ ልማዱን ቤቱ ጥሎ አይሄድም፣ የሄደበት ቦታ ደሞ ከቤቱ አስወድዶ ነው የሚገዛው። እነዚህን በዝርዝር መፃፍ ከባድ ነው፣ የቀን ጣሪያ ማስቀመጥ ይሻላል፣ ለምሳሌ ለዕለት ጥቃቅን ይሄን ያህል ብሎ ጠዋት ጠዋት ለብቻው ማውጣት።

መንገዱ

ጅማ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በወልቂጤና በጊቤ በረሀ አድርጎ። የጅማ ሰው አንዱ ችግሩ ወደ ሰሜንም ወደ ምስራቅም ልሂድ ቢል አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አበባን ማለፍ አለበት። ሀዋሳ እንኳን በዚህ መስመር 600 ኪሎ ሜትር ያልፋል፣ ስለዚህ መሄጃና መመለሻ ላይ አዲስ አበባ አንዳንድ ሌሊት ይጨመራል፣ ዘመድ ከሌለ ደሞ ሁለት የአልጋ ብር። አምስት ቀን ብለው የወጡ ሰዎች ሀዋሳ ላይ የሚያርፉት ሁለት ቀን ተኩል ነው። በጭዳ አድርጎ በዳውሮ በኩል ወላይታ ሶዶ የሚወጣው መንገድ ሌላ አማራጭ ነው፣ በተለይ ሀላላ ኬላን ማየት ለሚፈልግ፣ ክረምት ላይ ግን የመንገዱን ሁኔታ በሳምንቱ ከሄደ ሹፌር መጠየቅ ያስፈልጋል።

በምን ይኬድ የሚለው ጋ አንድ የሂሳብ ነገር አለ። አውቶቡስና አውሮፕላን በነፍስ ወከፍ ነው የሚከፈሉት፣ ሰው በጨመረ ቁጥር ይባዛሉ። ኮንትራት መኪና ግን አንድ ሰውም ሄደበት ስድስት ሰው ዋጋው ያው ነው። ለዛ ነው ለሁለት ሰው አውሮፕላን የማይከብደው፣ ለስድስት ሰው ግን ኮንትራት ሊረክስ የሚችለው፣ ሁለት ቤተሰብ ተጋርቶ ሲሄድ ደሞ ይበልጥ። ከጅማ አዲስ አበባ ያለው በረራ አንድ ሰአት እንኳን የማይሞላ ስለሆነ አንድ ቀን ያተርፋል፣ የተረፈው ቀን ደሞ ሀዋሳ ላይ ያሳርፋል ወይም አንድ ሌሊት አልጋ ያስቀራል፣ ስለዚህ ቲኬቱን ከአውቶቡስ ታሪፍ ጋር ብቻ ማወዳደር ሙሉ አይሆንም። በተቃራኒው ክረምት ላይ ጉምና ዝናብ በረራ ሊያዘገይ ይችላል፣ የመንገድ ፀጥታም ጉዳይ ነው፣ በአንዳንድ ወቅት ሰው ዋጋ ሳይሆን ደህንነት አይቶ ነው የሚመርጠው። በሁለቱም ምክንያት መመለሻውን ስራ ከሚጀመርበት ቀን አንድ ቀን ማስቀደም የመጠባበቂያ ብር ከመያዝ እኩል ነው። በአል ሰሞን መናኸሪያ ላይ ከታሪፍ በላይ መጠየቁ የታወቀ ስለሆነ እሱን እንደ ድንገተኛ ሳይሆን እንደሚጠበቅ ወጪ መቁጠር ይሻላል። ስንቅ ይዞ መውጣትም አሁን አሁን እንደ ድህነት እየታየ ነው፣ ዳቦ ቆሎና በሶ ግን መንገድ ላይ የሚበላውን የወሊሶ ምሳ በደንብ ይተካል።

ብሩ የት ይቀመጥ

እዚህ ጋ ሰው በጣም ይለያያል። ባንክ ቁጠባ ላይ ዝቅተኛው ወለድ 7 ከመቶ ነው። 30,000 ብር አመት ቢቀመጥ 32,100 ገደማ ይሆናል፣ ዋጋ በ13 ከመቶ ቢጨምር ግን ያው ጉዞ 33,900 ይፈጃል፣ 1,800 ብር ገደማ ጎደለ። ከዚህ ተነስተው "ብር አታስቀምጥ፣ ቀድመህ ክፈል" የሚሉ አሉ፣ ቀብድ ከፍሎ የዘንድሮን ዋጋ መያዝ። ምክሩ ልክ የሚሆነው ሆቴሉ ጉዞው ቢቀር ብሩን የሚመልስ ወይ ቀን የሚቀይር ከሆነ ነው፣ ደረሰኝም ካለ። ያለዛ 1,800 ለማትረፍ ለምሳሌ የ10,000 ብር ቀብድ አደጋ ላይ መጣል ነው።

እቁብ ወለድ የለውም፣ ስለዚህ በወረቀት ላይ ከባንክ ያንሳል። በተግባር ግን ብዙ ሰው ለብቻው የማይቆጥበውን ብር እቁብ ያስቆጥበዋል፣ ምክንያቱም ሰኞ ጠዋት ሰብሳቢው ይመጣል፣ ባንኩ ግን አይመጣም። ወለድ ለማይፈልጉም ይስማማል፣ ከወለድ ነፃ ሂሳብም በየባንኩ አለ። የእቁብ ችግሩ እጣው ነው፣ ጥር ላይ የፈለጉት ብር ጥቅምት ላይ ይወጣና እስከ ጥር ድረስ ሌላ ነገር ይበላዋል፣ ስለዚህ ከመጀመሪያው ተራን በስምምነት የሚያስይዝ እቁብ ለዚህ አላማ ይሻላል።

ብድር ላይ የሚከራከሩ አሉ፣ "ተደሰት፣ በኋላ ትከፍላለህ" የሚለው አስተሳሰብ አሁን በሞባይል በሚገኘው አጭር ብድር ምክንያት ቀሏል። የመስሪያ ቤት ቁጠባና ብድር ማህበር ወለዱ ቀለል ይላል፣ ክፍያውም ረዘም ይላል፣ እሱ ሌላ ነው። የአጭር ጊዜው ግን ሐምሌ ከተወሰደ መክፈያው ነሐሴ መስከረም ነው፣ ከላይ ያየነው ሱቅ በር ላይ ማለት ነው። እንግዲህ ብድሩ በራሱ ሀጢያት ስለሆነ አይደለም፣ ቀኑ ነው መጥፎ።

መቆጠብ ለሚፈልግ የደሞዝ ሰው 30,000 በ12 ወር ሲካፈል በወር 2,500 ነው፣ ከባድ ነው፣ ግን ይታወቃል። የቡና ብር የሚያገኝ ሰው ግን በየወሩ ቆጥብ ቢባል አይሆንለትም፣ እሱ ጥር ላይ ብሩ እንደገባ መጀመሪያ የመስከረምን የትምህርት ቤት ብር ለብቻ አስቀምጦ ከዛ የተረፈው ላይ ስለ ጉዞ ቢያወራ ነው የሚያዋጣው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ሁሉም ይገለበጣል።

ጥር ላይስ?

አሁን ወደ ቅድሟ የተከፈለች ፈቃድ እንመለስ። ትምህርት ቤቶች ከመጀመሪያው ሴሚስተር በኋላ ጥር ማብቂያ፣ የካቲት አካባቢ አጭር እረፍት አላቸው። ያኔ መንገዱ ደረቅ ነው፣ የቡናው ብር ገብቷል፣ መስከረም ሩቅ ነው። ፈቃዱን ለሁለት ከፍሎ ሰባት ስምንቱን ቀን እዛ ላይ ማውጣት የሚችል ሰው ሐምሌ ላይ የሚያጣውን ብዙ ነገር ያገኛል።

ሁሉም ግን አይችልም። እረፍቷ አጭር ናት፣ ትምህርት ቤቱም እንደየግቢው ይለያያል። ጥር የሰርግ ወር ስለሆነ የካርድ ብዛት የቫኬሽኑን ብር ሊበላው ይችላል። ጎንደር ለማለት ያሰበ ሰው ጥር 11 ሰሞን ጥምቀት ስለሆነ የአልጋ ዋጋው ሌላ አለም ነው፣ ሳምንት ቆይቶ ሲሄድ ግን ይረጋጋል። የቡና ነጋዴ ደሞ ያኔ ከጅማ መውጣት ማለት ገበያውን ለሌላ መተው ነው፣ ለሱ የሚሻለው ሚያዝያ ነው፣ ልጆቹ ግን ያኔ ክፍል ውስጥ ናቸው። መምህር ደሞ ረዘም ያለ ጊዜ የሚያገኘው ሐምሌ ላይ ብቻ ነው።

ሐምሌ ብቻ ለቀረለት ሰው ርቀቱን ማሳጠር ነው ያለው። ቦንጋ ከጅማ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አዲስ አበባ መተላለፊያ የለበትም፣ በ2010 እንደ ፈረንጆቹ ዩኔስኮ በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት የመዘገበው የካፋ ደን እዛ ነው፣ የቡና ሙዚየምም አለ። "ከጅማ ወጥቶ ቦንጋ ምን ቫኬሽን ነው፣ ዝናብ ከዝናብ" የሚል ሰው አይጠፋም፣ ዝናቡን በተመለከተ እውነቱን ነው፣ ደኑ ውስጥ ለመግባት ቦት ጫማ ያስፈልጋል። ሁለት ሌሊት አድሮ ለመመለስ ግን የመንገዱ ብር የሀዋሳው ሩብ እንኳን አይሞላም፣ ቀሪው ነሐሴ 25 ላይ ለደብተር ይደርሳል።